መደቡን የጠየቅንበት ቅዳሜ

አሙ ላይ በር ዘግቶ የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ሙሽራ ነው ወይ ሌባ። እኛ ሙሽሮች አለመሆናችንን ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ሌላው ሰው ይህችን የኬንያ ደሴት ላሙ ይላታል፤ እኛ አሙ እንላታለን። ስሜ ሙኒራ ፋማው ነው፤ ከወደቡ አንድ መታጠፊያ ገባ ብሎ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከእኔ በፊት በዚህች ከተማ ስልክ ፈትታ የገጠመች ሴት አልነበረችም። ይህን የማወራው ለመኩራራት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎቹን ማኅበር የጀመርነው እኔና ስዋሌህ ነን። ስዋሌህ ጀልባ ማረፊያው ላይ ትኬት የሚቆርጥ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው። አንድ ቀን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞልኝ መጣ፤ ስከፍተው የፕሮግራም ኮድ ተደርድሮበታል። ይሄ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ፣ በሁለት ጀልባ መሃል ሥራ ሲፈታ ከቪዲዮ እየተማረ እንደሚጽፍ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ስድስት ዓመት ሙሉ ስጽፍ የኖርኩ ነኝ። ሁለታችንም በደሴቷ ላይ ብቻችንን የሆንን መስሎን ነበር። ሁለት ካለ ሦስተኛ አይጠፋም ብለን ወሬውን ለቀቅነው፤ በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሆንን። ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ሳይቀሩ መጡ።

ናይሮቢ ያሉት እንዲህ ዓይነት ማኅበሮች አዳራሽ አላቸው፤ ስማቸው የታተመበት ካናቴራ አላቸው። እኛ የእኔ ሱቅና ስድስት በርጩማ ነበረን። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያ ሥራችን ባሕሩ መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል፣ በየማረፊያው ለይቶ የሚናገር ፕሮግራም ነበር። ጀልባ ነጂዎቹ ሳቁብን፤ ባሕርን በአፍንጫችን እናውቃታለን አሉ። ወር ሳይሞላ ግን አንድ በአንድ ወደ ትኬት መስኮቱ ጠጋ እያሉ፣ ሌላው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትሞላው እያሉ ስዋሌህን መጠየቅ ጀመሩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት ቤቴ ይዤው ገባሁ፤ እራት እንኳ አላሰኘኝም።

ጥፋታችን በሩ ነበር። ሱቄ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ሌላ ማንም የለውም። የባሕሩ ጨው ኮምፒውተር ይበላል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከአስር ሰዓቱ ሶላት በኋላ ስንሰበሰብ በሩን እንዘጋለን። ወንድና ሴት ወጣቶች ገብተው በር ሲዘጋ፣ ሁሉም ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ሁለት ሰዓት ሲቆዩ ከውጭ የሚያይ ሰው ምን ይላል? የእግር ኳስ ቁማር ነው አለ። ሌላው ደግሞ ቁማር ብቻ ቢሆን ምን አለበት አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወሬው አህያ ነጂ ዘንድ ሳይቀር ደርሶ እኔ ጋ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። አባሎቻችን አንድ በአንድ ቀሩ። አዋላጇ ሥራ በዛብኝ አለች፤ አስተማሪዎቹ ምንም ሳይሉ ቀሩ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ። ረጅሙ ዝናብ ሳይገባ እኔን፣ ስዋሌህንና የሞተር ጠጋኙን ጨምሮ አራት ብቻ ቀረን።

አራተኛዋ ራያ ነበረች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እውነቱን ለመናገር ከአሥራ አንዳችን አሥሩ ተደምረን ራያን አናክልም። እኔ ሁለት ገጽ የምጽፈውን እሷ በዘጠኝ መስመር ትጨርሰዋለች፤ ከዚያ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች።

እናቷ ቢ ዙልፋ አንድ ረፋድ ሱቄ መጡ። የመጡት ለመቆጣት አልነበረም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሙኒራ ልጄ፣ እኔ አንቺን አልጠረጥርም» አሉኝ። «ግን የልጄ ሥራ መልካም ከሆነ ሰው ፊት ትሥራው። ሰው ፊት የማይሠራ ከሆነ ከኢድ በኋላ ሞምባሳ እልካታለሁ፤ አጎቷን ሱቅ ትረዳዋለች።»

አጎቷ የመጋረጃ ጨርቅ ነው የሚሸጡት። ያቺን ልጅ መጋረጃ ስትለካ አሰብኳትና ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ስዋሌህ ማሃምሪ የምንለውን በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ፤ ቁጣዬ ሆዴ ሲጠግብ እንደሚበርድ ያውቃል። እያኘክሁ ሳለ ሐሳቡን ተናገረ። መደቡን እንጠይቅ አለ።

ከመስጊዱ ማዶ፣ በሁለት ቤቶች ግድግዳ ሥር የተሠራ ረጅም የድንጋይ መደብ አለ። ከአስር ሰዓት በኋላ ጥላ ነው፣ ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፣ መንገደኛ ሁሉ በዚያ ያልፋል። እዚያ የተቀመጠን ሰው ማንም አያማውም፤ ምክንያቱም እያየው ነው። ችግሩ መደቡ ባኦ የሚባለውን ጨዋታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ነው። በወረቀት አይደለም፤ ግን ከወረቀት ይበልጣል። ሌላው ችግር ደግሞ ሴት እዚያ አትቀመጥም። ሕግ የለም፤ ማንም ከልክሎ አያውቅም፤ ማንም ተቀምጣ አታውቅም።

ዓይኔን በጨው አጥቤ የሽማግሌዎቹ አለቃ ምዜ ብዋናሄሪ ዘንድ ሄድኩ፤ ምዜ ለሽማግሌ የምንሰጠው የአክብሮት መጠሪያ ነው። ምዜ ብዋናሄሪ ስልሳ ዓመት በር ሲጠርቡ የኖሩ ናቸው፤ በባኦ ደግሞ ከፓቴ እስከ ማሊንዲ የሚያሸንፋቸው የለም። የመጣሁበትን ነገር ከሰሙ በኋላ ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔ በር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በር ተዘግቶ ምን ምን እንደሚሠራ በደንብ አውቃለሁ፣ አሉና ከጎናቸው ያሉትን ሽማግሌ አሳቁብኝ።

«መደቡ የባኦ ነው፣ የፋማው ልጅ» አሉኝ ከዚያ። «ባኦ የሚጫወት ይቀመጣል። ማሽናችሁን አምጡና ከእኔ ጋር አንድ ጨዋታ በንጹሕ ይጫወት። ሕጉን ሳይስት ከጨረሰ፣ ተሸነፈም አሸነፈም፣ ቅዳሜ ከአስር ሰዓት በኋላ መደቡ የእናንተ ነው። ካዋረደን ግን ወደ በራችሁ ተመለሱ፤ ሁለተኛ አትጠይቁኝም።»

እሺ አልኩ። ምን እሺ እንዳልኩ ሱቄ ከደረስኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ባኦ ገበጣ ነው። ገበጣ የሚያውቅ ሰው የባኦን ግማሽ መንገድ ያውቀዋል፤ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ጉድጓድ፣ ስልሳ አራት ፍሬ። ቀሪው ግማሽ መንገድ ነው ሰው የሚያስረጀው። በየተጫዋቹ የፊት ረድፍ አንዱ ጉድጓድ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆፈራል፤ ቤት ይባላል። ፍሬ የሚከማችበት፣ የተጫዋቹ ሀብት ያለበት እሱ ነው። ስዋሌህ ከኳስ በስተቀር ጨዋታ አያውቅም፤ የሞተር ጠጋኙ ከእሱ አይሻልም፤ ራያ ሴት ናት። እኔም ሴት ነኝ፤ ግን እኔ መስኮት ነበረኝ።

አባቴ ፋማው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉ በየቀኑ ባኦ የሚጫወቱት በዚያው መደብ ላይ፣ ከቤታችን ግድግዳ ሥር ተደግፈው ነበር። እኔ ከፎቁ መስኮት፣ ከእንጨቱ ፍርግርግ ጀርባ ሆኜ ቁልቁል አያቸዋለሁ። ከሰባት ዓመቴ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አሥራ ሁለት ዓመት። የባኦን ሕግ ማንም አላስተማረኝም፤ በዓይኔ ሰርቄ ነው የያዝኩት። ስለዚህ ልጆቹ ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ ሲሉኝ ተቆጣሁ። የማንን ልጅ ነው ባኦ የምታስተምሩት አልኳቸው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን ሹመቱ አስቀድሞ የእኔ የሆነ መስሎኝ ነበር።

አምስት ሳምንት ሠራን። እኔ ሕጉን እናገራለሁ፣ ስዋሌህ ሰሌዳውን ስክሪኑ ላይ ይሠራል፣ ራያ ከቤቷ፣ ከእናቷ ዓይን ሥር በሩ ተከፍቶ ትጽፍና በስልክ ትልክልናለች። ማሽኑ ማሰብ የጀመረው በእሷ እጅ ነው። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሦስታችንንም እየተፈራረቀ አሸነፈን። ስዋሌህ ወንበሩ ላይ ቆሞ ጨፈረ።

ቅዳሜ ደረሰ። ወሬ በአሙ ጠባብ መንገድ ከአህያ ይፈጥናል፤ ከሶላት የወጣው ሕዝብ ወደ ቤቱ አልሄደም። መደቡ ሞላ፣ ደረጃው ሞላ፣ ልጆች ግድግዳ ላይ ወጡ። ሴቶቹ በመታጠፊያው በኩል ቆሙ፤ ቢ ዙልፋ የራያን ክንድ ይዘው መሃላቸው ነበሩ። ስዋሌህ ከምዜ ብዋናሄሪ ፊት ተቀመጠ፤ የእንጨቱ ባኦ በመሃላቸው፣ ላፕቶፑ ከጎኑ። ሥራው ሁለት ነው፤ የማሽኑን ጨዋታ በእንጨቱ ላይ በእጁ መዝራት፣ የሽማግሌውን ጨዋታ ደግሞ ለማሽኑ መንገር። እኔ ከኋላው ቆምኩ። መቀመጫ አልተሰጠኝም፤ አልጠበቅሁምም።

መጀመሪያው አማረ። ማሽኑ በሦስተኛው ዙር አምስት ፍሬ ማረከ። ምዜ አትማን የሚባሉት፣ ዕድሜ ልካቸውን የብዋናሄሪ ተጋጣሚ የሆኑት ሽማግሌ፣ ከጉሮሯቸው እህ የሚል ድምፅ አወጡ። ከሳቸው አፍ ይህች ምርቃት ናት። በሰባተኛው ዙር የማሽኑ የመጨረሻ ፍሬ በራሱ ቤት ውስጥ ወደቀች፤ ማሽኑም ወዲያው ቤቱን ሙሉ አንስቶ ዘራው፣ ጉዞ ሄደ። መደቡ ጉምጉም አለ። የምዜ ብዋናሄሪ ቅንድብ ከፍ ሲል አየሁና ደረቴን ነፋሁ።

ቀጥሎ የሳቸው ተራ ነበር። ማረኩ፣ ዘሩ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ቤታቸው ውስጥ ወደቀች። ዘጠኝ ፍሬ አለበት። እጃቸውን አነሡና ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ተኛ» አሉ፤ በባኦ ቋንቋ ተራዬ እዚህ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ስዋሌህ ጉድጓዱን ለማሽኑ ነገረው። ስክሪኑ ላይ ፍሬዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ ቤቱ ጋ ደረሱ፤ አልቆሙም። ማሽኑ የሽማግሌውን ቤት ራሱ አነሣና ይዘራ ጀመር። እንጨቱ ላይ ዘጠኝ ፍሬ ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ላይ ቤቱ ባዶ ነው። ስዋሌህ ዞሮ አየኝ።

ከደረጃው አንዱ ጎረምሳ ማሽኑ ለሁለቱም ወገን ይጫወታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሳቁ ከዚያ ተነሣ። በዚያች ሰዓት ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ፤ አፌ ቀደመኝ።

«ምዜ፣ ማሽኑ ትክክል ነው» አልኩ። «ቤትዎ ላይ ማቆም አይችሉም። ሕጉ አይፈቅድም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። በመላው ባሕር ዳርቻ አንደኛ ለሆኑት ሰው፣ ሕዝብ ፊት፣ ያውም መደቡ ላይ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት፣ ሕግ ጣሱ ማለቴ ነው። የምዜ አትማን ምርኩዝ ከእጃቸው ወድቆ ድንጋዩ ላይ ጮኸ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት አላህን ስትጠራ ሰማሁ። ምዜ ብዋናሄሪ ግን አልተቆጡም፤ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እንደማያውቁት እንጨት አዩኝ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አሉኝ።

«ማንም አላለኝም። አይቼ ነው።» ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ። «አሥራ ሁለት ዓመት ከዚያ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ቤቱ ላይ አንድም ቀን ቆሞ የሚያውቅ እጅ አላየሁም።»

ምዜ ብዋናሄሪ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ። ከመስኮቱ ጎን፣ ከጎረቤቱ ቤት ወደ መንገዱ የወጣውን የጣሪያ ክዳን አዩ። ከዚያ አባቴ ይደገፉት የነበረውን ግድግዳ አዩ። ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ነው የገባቸው። ከዚያ መስኮት ቁልቁል ሲታይ ክዳኑ የሰሌዳውን ግማሽ ይሸፍነዋል። የተጋጣሚው እጅ አይታይም። የሚታየው በእኛ ግድግዳ ሥር የተቀመጠው ሰው እጅ ብቻ ነው።

«የማንን እጅ ነበር የምታዪው?»

«የአባቴን» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነገሩ ለእኔም ገባኝ።

«ቤት ላይ ማቆምም መሄድም የተጫዋቹ ፈቃድ ነው» አሉ ምዜ ብዋናሄሪ፣ ቀስ ብለው። «አስተዋይ ያቆማል። ደፋር ይሄዳል። ፋማው በሕይወቱ ቆሞ አያውቅም። አንቺ ማሽኑን ያስተማርሽው ሕጉን አይደለም ልጄ። አባትሽን ነው።»

 ከዚያ ምዜ አትማን ምርኩዛቸውን እያነሱ፣ ያ ሰውዬ ሞቶም አላስቀምጥ አለን አሉ፤ ሽማግሌዎቹ በሙሉ በሳቅ ፈነዱ። በእኔ አልነበረም የሳቁት። በየዓመቱ በበዓል የሚደረገውን የባኦ ውድድር ፋማው ቤቱን በትኖ ሦስት ጊዜ እንዴት እንዳሸነፈ አንዱ ያነሳል፤ ሌላው ደግሞ በዚያው ጠባዩ ዘጠኝ ጊዜ እንዴት እንደተሸነፈ ያስታውሳል። ተው ቁም ስንለው፣ ቤት የተሠራው ሊወጡበት ነው ይለን ነበር አሉ። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ከላይ ሆኜ እጃቸውን አይ ነበር እንጂ የሚባለው ነገር አይሰማኝም ነበር። አለቀስኩ፤ ደግሞም አላፈርኩም። ያፈርኩት በሌላው ነው፤ አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ኮርቼ የልጆቹን ድካም ገደል ከተትኩት ብዬ።

ያኔ ከመታጠፊያው በኩል ድምፅ መጣ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጎደለው» አለች ራያ። ይህን ያህል ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። «ቤቱ ላይ ሲደርስ ትቆማለህ ወይስ ትሄዳለህ ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። እዚሁ አስተካክለዋለሁ።»

ሁሉም ዞረ። ራያ እናቷን አየች። ቢ ዙልፋ የልጃቸውን ክንድ እንደያዙ ነበር። እጃቸውን ሲለቁ አየሁ።

ላፕቶፑን የመደቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ቆማ መጻፍ ጀመረች። ምዜ ብዋናሄሪ የምትጽፊውን በሰው ቋንቋ እየተናገርሽ ጻፊ አሏት። እሷም አንድ በአንድ እየተናገረች ጻፈች፦ የመጨረሻዋ ፍሬ ቤት ውስጥ ከወደቀች፣ ቤቱ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ካለው፣ ተጫዋቹን ጠይቅ። ምዜ አትማን አቋረጧት። የለም፣ ማርኮ እየመጣ ከሆነ ብቻ ነው የሚጠየቀው፤ ካልማረከ ምርጫ የለውም አሉ። ራያ አንድ መስመር ጨመረች። ሌላው ሽማግሌ ደግሞ ቤቱ አንዴ ከተበተነስ አሉ። አንዴ ከተበተነ ቤት መሆኑ ቀርቷል፣ ተራ ጉድጓድ ነው፣ ሲሉ ሦስቱ በአንድ አፍ መለሱላቸው። ራያ ሌላ መስመር ጨመረች። ከደረጃው ይስቅብን የነበረው ጎረምሳ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ እያንዳንዱን መስመር ይከተል ነበር። ያን ቀን አንድ ነገር ተረዳሁ፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህ ከሆነ ያን አድርግ፣ ካልሆነ እለፍ እያሉ የኖሩ ናቸው። ኮምፒውተር አላገኙም እንጂ ሥራው አዲስ አልሆነባቸውም።

የማሽኑስ ፈቃድ እንዴት ይሁን አለች ራያ መጨረሻ ላይ። ማሽኑ ራሱ ቤቱ ላይ ሲደርስ ምን ይወስን?

«እሱን አትንኩት» አሉ ምዜ ብዋናሄሪ። «ይሂድ።»

ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ። ምዜ ብዋናሄሪ ቤታቸው ላይ ሲያቆሙ ማሽኑም ቆመላቸው፤ እንጨቱና ስክሪኑ እስከ መጨረሻው አልተለያዩም። ማሽኑ ግን ቤቱን አስቀድሞ በትኖ ነበርና ስንቅ አልነበረውም። በአሥራ አራተኛው ዙር የፊት ረድፉ ባዶ ሆነ። ተሸነፈ።

ምዜ ብዋናሄሪ ፍሬዎቹን በእጃቸው ሰብስበው ወደ ሰሌዳው መለሱ። ሕዝቡ ፍርዱን ይጠብቃል። እኔ ፍርዱን አውቀዋለሁ። መሸነፉ ግድ አልነበረም፤ ቃላችን ሕጉን ሳይስት ነበር። ስቷል፤ ያውም ሕጉን የሳትኩት እኔ ነኝ። ራያን አየኋት፤ እሷም ታውቀዋለች። መጋረጃው ታየኝ።

«ቃላችን ንጹሕ ጨዋታ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ይሄ ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ማሽን መደቡን አላገኛችሁም። ይሄ ይታወቅ።»

ስዋሌህ ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉት። ወደ ሴቶቹ ዞር አሉ። «ቢ ዙልፋ፣ ልጅሽ ሰው ፊት ስትሠራ አይተሻል። እኔም አይቻለሁ። በር ዘግተው ቢሆን ኖሮ ይህችን ስህተት ይዘው ያረጁ ነበር። ያረምናት አደባባይ ላይ ስለመጡ ነው።»

 ቢ ዙልፋ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚያች መነቅነቅ ሞምባሳ እንደቀረ ገባኝ።

ከዚያ ምዜ ብዋናሄሪ ምርኩዛቸውን አንሥተው በግድግዳችን ሥር ያለውን የመደቡን ጫፍ ነኩ። ያን ሁሉ ሰው የያዘ መደብ፣ ሰው ደረጃ ላይ ተደራርቦ ቆሞ ሳለ፣ እዚያች ጫፍ ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስተዋልኩትም።

«ይሄ የፋማው ቦታ ነው» አሉ። «ከሞተ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም። እኔ አልከለከልኩም፤ ሰው ነው ያልደፈረው። ዛሬ ግን ፋማው ራሱ እንደገና ሲጫወት አይተናል። ስለዚህ ቦታው የእኔ ስጦታ አይደለም፤ ፈቃድም አይጠየቅበትም። የልጁ ነው። ከጎኗ ማንን እንደምታስቀምጥ እሷ ታውቃለች።»

ሁሉም እኔን ያያል። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። የአሙ ሴት መደብ ላይ ስትቀመጥ ታይታ አታውቅም ብያለሁ። ምዜ አትማን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ተቀመጪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ» አሉ። «አባትሽ ለመቀመጥ ይህን ያህል አስቦ አያውቅም።»

ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ከጥላው የተነሣ ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩና ለራያ ቦታ ለቀቅሁላት፤ ራያ ተቀመጠች፤ ቀጥሎ ስዋሌህ፣ ቀጥሎ የሞተር ጠጋኙ። ጥለውን የቀሩት አስተማሪዎች ከሕዝቡ መሃል ብቅ ሲሉ አየኋቸውና በእጄ ጠራኋቸው። ከደረጃው የሳቀብን ጎረምሳ መጥቶ ፊቴ ቆመና፣ እኔም መማር እችላለሁ ወይ፣ በር አትዘጉም አይደል አለኝ።

ከኋላችን ግድግዳ፣ ከፊታችን ከተማው በሙሉ። የሚዘጋ በር በአካባቢው አልነበረም። ላፕቶፑን ከፈትኩለትና ከጎኔ እንዲቀመጥ ነገርኩት።